የባሮክ ዘመን የኦርጋን ሙዚቃና ደራሲዎቹ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሮክ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ቀጥታ ወደ ቫዮሊንና ወደ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ይሄዳል። እኔ ግን የዘመኑ ልብ ኦርጋን ነው ባይ ነኝ። የቤተ መንግሥቱን ሙዚቃ የሚሰማው የተጋበዘ ሰው ብቻ ነበር። ኦርጋኑን ግን ባለጸጋው ነጋዴም፣ የቤት ሠራተኛዋም፣ ወደብ ላይ ዕቃ ተሸካሚውም በየእሁዱ ይሰሙታል። ያውም በነፃ። በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ሙዚቀኞች ብዙዎቹ ኑሯቸውን የመሩት በዚህ ሥራ ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ደጋግመው የሚነሱ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባሮክ የሚባለው የትኛው ዘመን ነው?

በግርድፉ ከ1600 እስከ 1750 ያለው የአውሮፓ ሙዚቃ ዘመን ነው። 1750 ጀርመናዊው ደራሲና ኦርጋኒስት ዮሃን ሴባስቲያን ባኽ የሞተበት ዓመት ስለሆነ ለመዝጊያ ይመቻል። በእርግጥ ሙዚቃ በአንድ ሌሊት አይለወጥም። ባኽ በሕይወት እያለም ወጣቶቹ ሌላ ዓይነት ሙዚቃ መጻፍ ጀምረው ነበር።

ይህ ኦርጋን ሰርግ ላይ የምናየው ነው?

አይደለም። እኛ ሀገር ኦርጋን የሚባለው የኤሌክትሪክ ኪቦርዱ ነው። እዚህ የምናወራው በንፋስ ስለሚሠራው፣ ባለ ቱቦው ኦርጋን ነው። አሠራሩ በመሠረቱ የዋሽንት ነው። ንፋስ ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ ቱቦው ይጮሃል። ተጫዋቹ ቁልፉን ሲጫን ከቁልፉ ጋር የተያያዙ ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች ይሳባሉ። ቱቦው ሥር ያለችው ክዳን ትከፈታለች። ንፋሱም ይገባል።

አንድ ቱቦ የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ትልልቆቹ ኦርጋኖች በሺህ የሚቆጠር ቱቦ ያላቸው። ትልቁ ቱቦ 10 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ትንሹ ከእርሳስ ያጥራል። ከተጫዋቹ ግራና ቀኝ የሚሳቡ እጀታዎች አሉ። እያንዳንዱ እጀታ አንድ ዓይነት የቱቦ ረድፍ ይከፍታል፦ ለስላሳ፣ ሹል፣ መለከት የመሰለ፣ አፍንጫ አፍንጫ የሚል። ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት የእጅ ቁልፍ ሰሌዳ በደረጃ ይደረደራል። ከሥር ደግሞ በእግር የሚጫወቱት ፔዳል አለ። ተጫዋቹ ሁለቱን እጆቹንና ሁለቱን እግሮቹን ለየብቻ ያዝዛል ማለት ነው።

ያኔ ኤሌክትሪክ አልነበረም፤ ንፋሱ ከየት ይመጣል?

ከሰው ጉልበት። ከኦርጋኑ ጀርባ ወይም ጎን ትልልቅ ወናፎች ነበሩ። ወናፉን እየረገጡ ንፋስ የሚሞሉ ሠራተኞች ይቀጠራሉ። እነሱ ካልመጡ ሙዚቃ የለም። ባኽ ራሱ ማታ ላይ «እስቲ ሄጄ ትንሽ ልለማመድ» ቢል ብቻውን አይችልም፤ ወናፍ ረጋጭ ይዞ መሄድ አለበት። ክረምት ላይ ደግሞ ያ ሁሉ የድንጋይ ሕንፃ በረዶ ነው። ስለዚህ ብዙ ተጫዋቾች ቤታቸው ውስጥ ፔዳል የተገጠመለት ክላቪኮርድ (ድምፁ ለስላሳ የሆነ ባለ ክርና ባለ ቁልፍ መሣሪያ) አስቀምጠው በዚያ ይለማመዱ ነበር። የደራሲዎቹን ስም ዛሬም እንጠራለን። ያንን ሁሉ ሙዚቃ በእግራቸው ያስተነፈሱት ሰዎች ስም ግን ተረስቶ መቅረቱ ይቆጨኛል።

የኦርጋን ሙዚቃ ያን ያህል የተወደደው ለምንድን ነው?

አንዱ ምክንያት ሃይማኖት ነው። ከሉተር ተሐድሶ በኋላ በጀርመን አብያተ ክርስቲያናት ምዕመኑ በገዛ ቋንቋው መዘመር ጀመረ። እነዚህ መዝሙሮች ኮራል ይባላሉ። መዝሙሩ ከመጀመሩ በፊት ኦርጋኑ ዜማውን ያስተዋውቃል። ዝም ብሎ ደግሞ አያስተዋውቅም፤ ያስጌጠዋል፣ ይዘረዝረዋል፣ አንዳንዴ ባስ (ዝቅተኛው ድምፅ) ውስጥ ይደብቀዋል። ሕዝቡ ዜማውን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ስለዚህ ተጫዋቹ የሠራው ጥበብ ወዲያው ይገባዋል። የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልገውም። የመካነ ኢየሱስ አባላት የሆናችሁ አንባቢዎች የዚሁ የሉተራን ወግ ወራሾች ናችሁ።

ሌላው የከተማ ፉክክር ነው። ሃምቡርግና ሉቤክ በባሕር ንግድ የከበሩ የሰሜን ጀርመን ከተሞች ነበሩ። ሀብታቸውን ካሳዩባቸው ነገሮች አንዱ ኦርጋን ነው። የዚያ አካባቢ ታላቅ ኦርጋን ሠሪ አርፕ ሽኒትገር በዕድሜው ከ150 በላይ ኦርጋኖችን ሠርቷል ወይም አድሷል። ሃምቡርግ በቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን በ1693 የጨረሰው ኦርጋን አራት የእጅ ሰሌዳ፣ 60 እጀታና 4000 ያህል ቱቦ አለው። ያኔ ከዚህ የተወሳሰበ መሣሪያ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነበር።

ደግሞ ኦርጋን የቤተ ክርስቲያን ብቻ አልነበረም። አምስተርዳምን እዩ። እዚያ የነበሩት ካልቪናውያን (የካልቪንን ትምህርት የሚከተሉ ፕሮቴስታንቶች) በአምልኮ ሰዓት ኦርጋን እንዲነካ አይፈልጉም። ኦርጋኑ ግን የከተማው ንብረት፣ ተጫዋቹም የከተማው ደመወዝተኛ ነበር። ስለዚህ የከተማው ኦርጋኒስት ያን ፒተርስዞን ስዌሊንክ ከአምልኮ በፊትና በኋላ ለሕዝቡ ይጫወታል። ሰው እየገባ ያዳምጣል። በዘመናችን ነፃ ኮንሰርት የምንለው መሆኑ ነው።

ሁሉም ቦታ እንዲህ ነበር ማለት ግን አይደለም። እንግሊዝ በ1644 ፓርላማው ኦርጋኖች ከአብያተ ክርስቲያናት እንዲነሱ አዘዘ። ብዙዎቹ ፈረሱ። ንጉሣዊው አገዛዝ በ1660 ሲመለስ ነው እንደገና መሠራት የጀመሩት።

ዋና ዋናዎቹ ደራሲዎች እነማን ናቸው?

ከጣሊያን ጂሮላሞ ፍሬስኮባልዲ ይቀድማል። በ1608 በሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ኦርጋኒስት ሆነ። በ1635 ያሳተመውን «ፊዮሪ ሙዚካሊ» የተባለ ስብስብ ባኽ ከዓመታት በኋላ አግኝቶ በእጁ ገልብጦታል። ፎቶ ኮፒ በሌለበት ዘመን ሰው የሚማረው በመገልበጥ ነበር።

ከላይ የጠቀስኩት ስዌሊንክ ደግሞ ከደራሲነቱ በላይ አስተማሪነቱ ሩቅ ሄዷል። ከጀርመን ወጣቶች እየመጡ ተማሩበት። ከተማሪዎቹ አንዱ ሃይንሪኽ ሻይደማን በሃምቡርግ ቅድስት ካታሪና ቤተ ክርስቲያን አገለገለ። የሻይደማን ተማሪ ዮሃን አዳም ራይንከን ቦታውን ወረሰ። ራይንከንን ደግሞ ወጣቱ ባኽ ሄዶ ሰማው። በሦስት ሰው አምስተርዳምና ባኽ ይገናኛሉ።

ሉቤክ ላይ ዲትሪኽ ቡክስተሁደ አለ። በ1668 የማርያም ቤተ ክርስቲያንን ሥራ ያዘ፤ እስከ ሞተበት 1707 ድረስ አልለቀቀም። የገና በዓል ከመድረሱ በፊት ባሉት እሁዶች «የምሽት ሙዚቃ» የተባሉ ዝግጅቶችን ያቀርብ ነበር። ወጪውን የሚችሉት ነጋዴዎች ነበሩ፤ ሕዝቡ የሚገባው በነፃ ነው። ለእኔ ከባኽ ቀጥሎ የሚመጣው እሱ ነው። ሙዚቃው ይቆማል፣ ይሮጣል፣ ያስባል፣ ድንገት ደግሞ ይፈነዳል።

ዮሃን ፓኸልበልን ዓለም የሚያውቀው በአንድ የሰርግ ማጀቢያ በሆነ ካኖን (ድምፆች እየተከታተሉ አንድን ዜማ የሚደጋግሙበት ሥራ) ነው። ካኖኑ የተጻፈው ግን ለቫዮሊኖች ነው። ሰውየው በሙያው ኦርጋኒስት ነበር። የባኽን ታላቅ ወንድም ያስተማረውም እሱ ነው። ባኽ 10 ዓመት ሳይሞላው እናትና አባቱን ሲያጣ ያሳደገው ያው ወንድሙ ስለሆነ፣ የፓኸልበል ትምህርት በዚያ በኩል ደርሶታል።

ፈረንሳዮቹ ሌላ መንገድ ነበራቸው። አንድ ቁራጭ በየትኛው እጀታ እንደሚጫወት ርዕሱ ላይ ይጽፋሉ፤ ውበቱን የሚፈልጉት ከድምፁ ቀለም ነው። ፍራንሷ ኩፕራን ሁለቱን የኦርጋን ቅዳሴዎቹን በ1690 ሲያወጣ ገና 22 ዓመቱ አካባቢ ነበር። የፓሪሱ ቅዱስ ጀርቬ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ከ1653 እስከ 1826 ከኩፕራን ቤተሰብ እጅ አልወጣም። የሬምሱ ኒኮላ ደ ግሪኒ ደግሞ በ31 ዓመቱ ተቀጨ። ያሳተመው አንድ የኦርጋን መጽሐፍ ብቻ ነው፣ በ1699። እሱንም ባኽ ገልብጦታል።

ስፔን ውስጥ የቫሌንሲያው ሁዋን ካባኒዬስ አለ። የስፔን ኦርጋኖች መለከት መሰል ቱቦዎቻቸውን ወደ ምዕመኑ አጋድመው ስለሚዘረጉ ድምፁ ፊት ለፊት ይመጣል።

ሄንደልስ? ሄንደል ኦርጋንን ቲያትር ቤት አስገባ። ከ1735 ጀምሮ ለንደን ውስጥ ኦራቶሪዮዎቹ (በዘፋኞችና በኦርኬስትራ የሚተረኩ ትልልቅ ሥራዎች) ሲቀርቡ በመሃል የኦርጋን ኮንቼርቶ (አንድ መሣሪያ ከኦርኬስትራ ጋር እየተቀባበለ የሚጫወትበት ሥራ) ይጫወታል። የእንግሊዝ ኦርጋኖች በአብዛኛው ፔዳል ስላልነበራቸው ኮንቼርቶዎቹ ቀለል ያሉና ብሩህ ናቸው።

ባኽ ቡክስተሁደን ለመስማት በእግሩ ሄደ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ጊዜው 1705፣ ባኽ 20 ዓመቱ ነው። አርንሽታት በምትባል ትንሽ ከተማ ኦርጋኒስት ነበር። የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ ሉቤክ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። የተመለሰው ግን አራት ወር ሊሞላ ሲል ነው!

በየካቲት 1706 አለቆቹ አቁመው ጠየቁት። የት ከረምክ? «ስለ ሙያዬ አንድ አንድ ነገር ለመረዳት ሄጄ ነው» አለ። ጥያቄው በዚህ አላበቃም። በኮራሉ ውስጥ እንግዳ የሆኑ ልውጥውጦችና ባዕድ ድምፆች እየቀላቀለ ምዕመኑን ግራ አጋብቷል ተባለ። ቀድሞ ሲጫወት ያረዝም ነበር፤ አሳጥር ሲሉት ደግሞ ጭራሽ ቆራረጠው የሚል ክስም አለ። ይህ ሁሉ በጊዜው በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ተቀምጧል። እኔ ይህን መዝገብ የምወደው ሕዝቡ ምን ያህል ያዳምጥ እንደነበር ስለሚያሳይ ነው። ልብ ያላለ ሰው ግራ አይጋባም።

ሉቤክ ውስጥ ሌላም ነገር ነበር። የቡክስተሁደን ቦታ የሚወርስ ሰው የእሱን ሴት ልጅ እንዲያገባ ይጠበቅ ነበር። ቡክስተሁደ ራሱም ከእሱ በፊት የነበረውን ኦርጋኒስት ልጅ ነው ያገባው። ሄንደልና ጓደኛው ማቴዞን በ1703 ቦታውን አይተው ተመልሰዋል።

ባኽ በሕይወት ዘመኑ ዝነኛ ነበር?

በተጫዋችነቱ፣ አዎ። በደራሲነቱ ያን ያህል አይደለም፤ በሕይወቱ ያሳተመው ጥቂት ነው። ሰዎች የሚጠሩት አዲስ ኦርጋን እንዲፈትሽላቸው ነበር። መጀመሪያ እጀታዎቹን ሁሉ ስቦ ኦርጋኑን ሙሉ በሙሉ ያስጮኸዋል። ጥሩ ሳንባ እንዳለው ማወቅ አለብኝ ይል እንደነበር ልጁ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ጽፏል።

በ1720 ሃምቡርግ ላይ ሽማግሌው ራይንከን ባለበት ከሁለት ሰዓት በላይ ተጫወተ። ሰዎቹ «በባቢሎን ወንዞች አጠገብ» የሚለውን ኮራል እንዲጫወትላቸው ጠየቁት። ባኽ ምንም ኖታ ሳይዝ፣ እዚያው እየፈጠረ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል እያስፋፋ ተጫወተው። ራይንከን ራሱ በወጣትነቱ በዚሁ ዜማ ላይ ትልቅ ሥራ ጽፎ ነበር። «ይህ ጥበብ የሞተ መስሎኝ ነበር፤ በአንተ ውስጥ ግን በሕይወት እንዳለ አየሁ» አለው።

በዚያው ሰሞን የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋኒስት ሞቶ ቦታው ክፍት ነበር። ያ የሽኒትገር ባለ 60 እጀታ ኦርጋን ማለት ነው። ባኽ ፍላጎቱን አሳየ። ግን የሚሾመው ሰው ለቤተ ክርስቲያኗ ገንዘብ የመስጠት ልማድ ነበር። ቦታው በመጨረሻ 4000 ማርክ ለከፈለ ዮሃን ዮአኪም ሃይትማን ለተባለ ሰው ሆነ። የቤተ ክርስቲያኗ ሰባኪ ኤርድማን ኖይማይስተር ተናደደ። በገና ስብከቱ ላይ፣ ከቤተ ልሔም መላእክት አንዱ ከሰማይ ወርዶ፣ መለኮታዊ በሆነ ጥበብ ተጫውቶ፣ ኦርጋኒስት ልሁን ቢል፣ ገንዘብ ከሌለው ተመልሶ ከመብረር ሌላ ምርጫ የለውም አለ። ማንን ማለቱ እንደሆነ ያልገባው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ያ በፊልም የምንሰማው አስፈሪ የኦርጋን ሙዚቃ የባኽ ነው?

በዲ ማይነር የተጻፈው ቶካታና ፉግ ማለታችሁ ነው (ቶካታ የጣት ቅልጥፍና የሚታይበት ነፃ ሥራ ነው፤ ፉግን ከታች እገልጻለሁ)። በባኽ ስም ይታወቃል። ግን በባኽ የእጅ ጽሑፍ የተገኘ የለም። ጥንታዊው ቅጂ ዮሃንስ ሪንክ የተባለ ሰው የገለበጠው ነው። አጻጻፉ ከሌሎቹ ሥራዎቹ ስለሚለይ የጸሐፊው ማንነት ምሁራንን ያከራክራል። እኔ ግን ለጀማሪ አልመርጠውም። ፊልሞቹ ያለ ስሙ የፍርሃት ሙዚቃ አድርገውታል።

የአልቢኖኒ አዳጆስ?

ኦርጋንና ባለ ክር መሣሪያዎች ያሉበት፣ በባሮኩ ደራሲ በአልቢኖኒ ስም የሚታወቀው ያ ሐዘንተኛ ቁራጭ የባሮክ ሥራ አይደለም። ሬሞ ጃዞቶ የተባለ ጣሊያናዊ ምሁር በ1958 ያሳተመው ነው።

ፉግ ምንድን ነው? ፓሳካሊያስ?

ፉግ ላይ አንድ ዜማ ብቻውን ይጀምራል። ቀጥሎ ሁለተኛ ድምፅ ያንኑ ዜማ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ይቀበላል። የመጀመሪያው አይቆምም፤ ሌላ ነገር እየተናገረ አብሮ ይሄዳል። ሦስተኛው ይገባል፤ አራተኛው ይከተላል።

ፓሳካሊያ ላይ ደግሞ አንድ አጭር የባስ ዜማ ይደጋገማል፣ ከላዩ ያለው ግን ይለዋወጣል። የባኽን የሲ ማይነር ፓሳካሊያ ልብ ብላችሁ ስሙት። መጀመሪያ የሚሰማው ፔዳሉ ብቻ ነው፤ ስምንት ባር። የዜማው ግማሽ አንድሬ ሬዞን ከተባለ ፈረንሳዊ ኦርጋኒስት የተወሰደ ነው። ከዚያ 20 ልውጠቶች ይመጣሉ። መጀመሪያ እጆቹ የሚያቃስቱ ይመስላሉ፤ ቀስ በቀስ ይፈጥናሉ። መሃል ላይ ዜማው ከእግር ወደ ላይኛው ድምፅ ይወጣል። ትንሽ ቆይቶ ይሳሳል፣ ሊጠፋ ይደርሳል። ድንገት ፔዳሉ ተመልሶ ይገባል። ከ20ው በኋላ አለቀ ስትሉ የዜማውን የመጀመሪያ ግማሽ ይዞ ፉግ ይጀምራል። ያችን የፔዳል መመለሻ ሳትጠብቁ ብትሰሟት ይሻላል፤ እኔ ግን ነገርኳችሁ።

ከባሮክ በኋላ ለምን ቀዘቀዘ?

ጣዕም ተለወጠ። ሰው ቀለል ያለ፣ አንድ ዜማ ከፊት የሚሄድበት ሙዚቃ ወደደ። ፒያኖ ከኦርጋን የማይገኝ ነገር አመጣ፦ ቁልፉን ጠበቅ ሲያደርጉት ይጮሃል፣ ላላ ሲያደርጉት ያንሾካሹካል። ሙዚቃ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ኮንሰርት አዳራሽ ሄደ። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ብዙ ኦርጋኖች ተጎዱ፣ ተሸጡ። ሞዛርት በ1777 ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ ኦርጋን በዓይኔም በጆሮዬም የመሣሪያዎች ሁሉ ንጉሥ ነው ብሏል። ሆኖም ለዚህ ንጉሥ ብዙ አልጻፈለትም።

ወደ ሕይወት ከመለሱት አንዱ ፌሊክስ ሜንደልሶን ነው። በነሐሴ 1840 ላይፕሲግ በሚገኘው የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን የባኽን ሥራዎች ተጫወተ። ገቢውም ለባኽ መታሰቢያ ሐውልት ዋለ። በኋላ አልበርት ሽቫይትዘር መጣ። ጋቦን ውስጥ ሆስፒታል የከፈተው ሐኪም መሆኑን ብዙዎች ያውቃሉ። ኦርጋኒስትም ነበር፤ የድሮ ኦርጋኖች እንዳይፈርሱ ተሟግቷል። ዓይነ ስውሩ ሄልሙት ቫልኻ ደግሞ የባኽን የኦርጋን ሥራዎች በቃሉ አጥንቶ ቀረጻቸው።

አውሮፓ ነው የምኖረው፤ የዘመኑን ኦርጋን የት ልስማ?

እድለኛ ናችሁ። ሃምቡርግ ያላችሁ የቅዱስ ያዕቆቡ ሽኒትገር ዛሬም አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የፊት ቱቦዎቹን ለብረት አቀለጧቸው። በሁለተኛው ሕንፃው ሲቃጠል ቱቦዎቹ ቀድመው ተነስተው ስለነበር ተረፉ። እድሳቱ በ1993 ተጠናቀቀ። በጀርመኗ ሳክሶኒ ያላችሁ ወደ ፍራይበርግ ካቴድራል ሂዱ፤ የኦርጋን ሠሪው የጎትፍሪድ ዚልበርማን የ1714 ኦርጋን አለ። ኔዘርላንድስ ያላችሁ ሃርለም ቅርባችሁ ነው። የቅዱስ ባቮ ኦርጋን በ1738 ተሠርቶ አለቀ፤ ሞዛርት በ10 ዓመቱ ተጫውቶበታል።

ትኬት የግድ አይደለም። እሁድ አምልኮው ሲያልቅ ኦርጋኒስቱ የመውጫ ሙዚቃ ይጫወታል። ብዙ ሰው ኮቱን ለብሶ ይወጣል። እናንተ ቁጭ በሉ።

ራቅ ያላችሁ ደግሞ በስልክ ስፒከር አትስሙት። ባሱ ጭራሽ አይሰማም። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ይኑራችሁ። ከፓሳካሊያው ሌላ የቡክስተሁደን የዲ ማይነር ፓሳካሊያ፣ የፍሬስኮባልዲን የቅዳሴ ቶካታዎችና ወፎች የሚዘምሩበትን የሄንደል ኮንቼርቶ፣ «ኩኩና ናይቲንጌል» የሚባለውን፣ ሞክሩ።

ቤቴ ያለው ኪቦርድ ነው። ይህን ሙዚቃ መጫወት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ከበቂ በላይ ነው፤ የዚያ ዘመን የእጅ ሰሌዳ 49 ቁልፍ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው ያለው። ፔዳል የማይፈልጉ ሥራዎች ብዙ ናቸው። ፓኸልበል «ነፍሴ ጌታን ታከብረዋለች» ለሚለው የማርያም መዝሙር የጻፋቸው አጫጭር ፉጎች አብዛኞቹ በእጅ ብቻ ይሄዳሉ። ከ90 በላይ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሩ። ኖታዎቹ የባለመብትነት ጊዜያቸው ስላለፈ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ።

ሁለት ነገር አስተካክሉ። ኪቦርዱ በጣት ኃይል ድምፁን የሚለውጥ ከሆነ ያንን አጥፉት፤ ኦርጋን ለጉልበት መልስ አይሰጥም። ድምፅ የሚያስቀጥለውን የእግር ፔዳልም ንቀሉት። ኦርጋን ላይ ጣት ሲነሳ ድምፁ ወዲያው ይቆማል። ስለዚህ እያንዳንዱን ኖታ መቼ እንደምትለቁ መወሰን አለባችሁ። አንዱን ድምፅ ብቻ ለይታችሁ ቀስ ብላችሁ አጥኑ፤ ከዚያ ሌላውን ጨምሩ። የመጀመሪያው ሳምንት ጣት ያስራል። በሁለተኛው ጆሮ መከተል ይጀምራል።